ቱ ዊል ፒካፕን ፎር ዊል ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ «ፒካፔን ፎር ዊል ላድርገው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይበዛል። ፎር ዊል ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞርበት፣ ቱ ዊል ደግሞ የኋላዎቹን ሁለት ብቻ የሚያዞርበት መኪና ነው። እጄ የለመደው የቶዮታ ሂሉክስ ስለሆነ መልሴም ወደ እሱ ያመዝናል። የጠየቃችሁኝን በየተራ እመልሳለሁ።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ ሰፈራችን ያለ መካኒክ «የፊት ዲፈረንሻል ግዛና ና፣ በሳምንት አስሬ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ልመነው?

አትመነው። ዲፈረንሻሉ (የዘንጉን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ጥርስ) ቢታሰር ኃይሉን ከየት ያገኛል? የቱ ዊል ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥኑ) ኃይል የሚሰጠው ለኋላ ብቻ ነው። ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈሩ ነው፤ ከካምቢዮው ጀርባ የሚታሰረው ትንሹ ካምቢዮ ማለቴ ነው። የቱ ዊሉ ካምቢዮ ደግሞ የጀርባ ቤቱም የመውጫ ዘንጉም ስለሚለይ ትራንስፈር አይቀበልም። ስለዚህ ካምቢዮና ትራንስፈር ከአንድ መኪና ላይ አብረው ወርደው ይምጡ።

ትራንስፈሩ ቦታ ስለሚይዝ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ማጠር አለበት፤ ለፊት ደግሞ ሌላ ዘንግ ይገባል። ዘንጉን ቆርጦ የበየደው ሰው ባላንሱን ካልጠበቀ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራውም (የዘንጉ መገጣጠሚያ መስቀል) ቶሎ ያልቃል። የፊት ሰሚያስ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ)፣ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት)፣ የካምቢዮ መሸከሚያ ብረት፣ የፎር ዊል ማርሽ ዘንግ ሁሉም ይፈለጋል። የሞተር ዘይት ቋቱ እንኳ የሚለይበት ጊዜ አለ፤ የፊት ዲፈረንሻል በሌለው መኪና ላይ ቋቱ ዲፈረንሻሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ይዞት ይገኛል። ይህን ሁሉ በሳምንት እጨርሳለሁ የሚል ሰው ሥራውን አያውቀውም።

ከደብረ ብርሃን፦ የእኔ ዝቅ ያለው፣ ጎማው በአምስት ብሎን የሚታሰረው ነው። ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን አልመክርህም። ባለ አምስት ብሎኑ ከሻንሲው ከፍታ ጀምሮ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። በተለይ የድሮው ቱ ዊል ሂሉክስ ፊቱ የሚቆመው በሚጠመዘዝ ብረት ሲሆን የዚያው ዘመን ፎር ዊል፣ ኤልኤን106 የሚባለው ሞዴል፣ ግን ፊቱም ሙሉ አክስል በባልስትራ (በተደራረበ ብረት) ላይ ነው። አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ሻንሲ ላይ ብየዳ ይጠይቃል። ብየዳው ቢከፈት መሪው ከእጅህ ይወጣል። መኪናውን ሽጥና ፎር ዊሉን ፈልግ።

ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ጎማው በስድስት ብሎን የሚታሰር ቪጎ የሚባለው ቱ ዊል ሂሉክስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የፊት አሠራሩ ከፎር ዊሉ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ አብዛኛው ሥራ በብሎን ይጨረሳል።

ከባሕር ዳር፦ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ አንድ መሆን አለበት ይባላል። ሳልፈታው በምን አውቃለሁ?

ይህን መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው የሚዘልለው እሱን ነውና። ሂሉክስ ላይ እንደ ሞዴሉ 4.1፣ 4.3፣ 4.556 ወይም 4.875 የሆነ ዲፈረንሻል ታገኛለህ። 4.1 ማለት ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ኋላህ 4.1 ሆኖ ፊትህ 4.3 ከሆነ፣ ፎር ዊል ባስገባህ ቁጥር ሁለቱ እየተጎታተቱ ትራንስፈሩን ይሰብሩታል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ አቁም፣ ለፊት ጎማዎች ታኮ አድርግ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገህ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ከኋላ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሣና ከሻንሲው ሥር ጠንካራ መደገፊያ አስገባ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግባ። ጎማውም ዘንጉም ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። የተነሣውን ጎማ 20 ዙር አዙረው፣ ጓደኛህ የዘንጉን ዙር ይቁጠር። ሌላው ጎማ ስለቆመ 20ው እንደ 10 ይታሰባል። 41 ከቆጠረ 4.1 ነው፤ 43 ከሆነ 4.3፤ 45 ተኩል ከሆነ 4.556፤ 49 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው 4.875 ነው። ዲፈረንሻልህ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ) ከሆነ ሁለቱንም ጎማ አንሥተህ 10 ዙር አዙር። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምትገዛውንም የፊት ዲፈረንሻል ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እዚያው አስቆጥረው። ሻጩ «ያው ነው» ቢልህ አትቀበል።

ከዴንቨር፦ 2003 ታኮማ ፕሪ ረነር አለኝ፣ ቪ6 አውቶማቲክ። ለበረዶው ልቀይረው አስቤያለሁ።

አንተ ዕድለኛ ነህ። ታኮማ የቶዮታ ፒካፕ ነው፤ ፕሪ ረነሩ ቱ ዊል ይሁን እንጂ ቁመቱም፣ የፊት እግሩም፣ ባለ ስድስት ብሎን ጎማውም የፎር ዊሉ ነው። ካምቢዮው ግን ይቀየራል፤ ያንተው ኤ340ኢ ነው፣ የፎር ዊሉ ኤ340ኤፍ። እናንተ አገር ሻንሲው በዝገት የተበላ ነገር ግን ሞተርና ካምቢዮው ጤነኛ የሆነ ፎር ዊል ታኮማ ይገኛል። ሙሉውን ግዛ። በየዕቃው ከሄድክ አንዲት የሽቦ ሶኬት ወይም የቫኪዩም ቱቦ ጎድላ መኪናው ተፈትቶ ይከርማል።

ከመቂ፦ ሽንኩርት ከማሳ ነው የማወጣው። ዝናብ ሲጥል መረሬው ይይዘኛል። ለመቀየር ብሩን አዘጋጅቻለሁ።

እህቴ፣ ብሩን ቶሎ አታውጪው። መረሬ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል፤ አራቱም ቢዞሩ አራቱም ይንሸራተታሉ። መጀመሪያ ለኋላ ጥርሱ የተራራቀ የጭቃ ጎማ ግዢ፣ የጎማ ሰንሰለትም ያዢ። ከዚያ ለኋላው ሊሚትድ ስሊፕ ወይም ሎከር (ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያስር) ያለው ዲፈረንሻል አፈላልጊ፤ ጭነትሽ ኋላ ላይ ስለሆነ የኋላ ጎማሽ መሬቱን ይዞ ይገፋል። ብዙ ገበሬና ነጋዴ በዚህ ብቻ ችግሩ ይቀለዋል። ይህን አድርገሽ አሁንም ከያዘሽ ያኔ ስለ ፎር ዊል እንነጋገር።

ከአዳማ፦ ሊብሬ ላይ ችግር ያመጣል?

ዕቃ ሳትገዛ መኪናህ የተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዝ። ዕቃውን ያለ ደረሰኝ አትግዛ። ሞተር አብሮ ካልተቀየረ ነገሩ ይቀልልሃል።

ከሀዋሳ፦ ፍሬኑ እንዳለ ይቀጥላል?

በፍጹም ሳታስፈትሽ አትንዳው። ብዙ ሂሉክስ ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነቱን እያየ የኋላ ፍሬንን የሚመጥን ቫልቭ አለ። መኪናው ከፍ ሲል ያ ዘንግ «ባዶ ነኝ» ብሎ ስለሚነግረው ጭነት ይዘህም የኋላ ፍሬንህ ይደክማል። ቁልቁለት ላይ ይህ ነፍስ ያጠፋል። ዘንጉ እንደገና ይስተካከል፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም ርዝመታቸው ይታይ።

ከጎንደር፦ የእኔ ተቀይሮ አልቋል። አስፋልት ላይ በፎር ዊል ሳጥፍ መሪው ይከብዳል፣ ይንገጫገጫል። ምን ጎደለ?

ምንም አልጎደለም። ስታጥፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፣ ትራንስፈሩ ግን እኩል አስሯቸዋል። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያወጣዋል፤ አስፋልት ላይ መውጫ የለውም። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ስትገባ ማርሹን ወደ ኤች2 (ወደ ቱ ዊል) መልስ። የፊት ሞዞህ በእጅ የሚዞር ሎክ ካለው ሁለቱንም ወደ «ፍሪ» አዙራቸው፤ አንዱን «ሎክ» ላይ፣ ሌላውን «ፍሪ» ላይ አትተው። ኤል4ን (ዝግ ያለውን ፎር ዊል) መኪናው ቆሞ አስገባ፣ ለዳገትና ለጭቃ ብቻ ተጠቀምበት።