የአያቴን ጋሻ ላጽዳው?

ጥያቄ፦ አያቴ የተዉልንን የቆዳ ጋሻና የብራና መጽሐፍ ለደሴ ሙዚየም ልሰጥ ነው። ከማስረከቤ በፊት ላጽዳቸው? የኩታበሯ እህታችሁ

መልስ፦ ኧረ በፈጠረሽ! እኔ በልጅነቴ የአባቴን ጎራዴ በአመድ ፈትጌ፣ የተቀረጸበትን ጽሑፍ አጥፍቼዋለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጋሻውን ቅቤ አትቀቢው። ብራናውንም ፀሐይ ላይ አታስጪው፤ ቆዳ ነውና ይጨማደዳል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

ዋናው ታሪኩ ነው። ጋሻው የማን ነበር? ባለቤቱ በ1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤልን ተከትሎ ሰገሌ ዘምቶ ይሆን? እናትሽን ጠይቂና ጻፊው። ያለዚያ ጋሻው ተራ ቆዳ ነው።

ፎቶም አንሺና ለራስሽ አስቀሪ። ሙዚየሙ በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን ታውቂያለሽ። ስታስረክቢ ደግሞ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ሳትቀበይ እንዳትወጪ።