መልስ፦ ቤይሊ ድልድይ ያለ ክሬን እንዴት ወንዝ ይሻገራል?

ወንድም ዓለም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች ቤይሊን፣ ማለትም ከብረት ፓነሎች የሚገጣጠመውን ድልድይ፣ ያለ ክሬን እንዴት እንደዘረጉት፣ አሠራሩ እኛ ጎንደር መገጭን በመሰለ ወንዝ ላይ ይሆን እንደሆነም ጠይቀሃል። ይሆናል፤ ፈተናው ግን አፈሩ ነው።

አንዱ ፓነል (የድልድዩ ጎን የሚሠራበት የብረት ማዕቀፍ) 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ይረዝማል፣ 260 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስድስት ሰው በመሸከሚያ ዘንግ ያነሣዋል። ወለሉን የሚሸከመውን አግዳሚ ብረት ስምንት ሰው ይይዛል። ድልድዩ በአንዱ ዳር ሮለር (የሚሽከረከር ብረት) ላይ ይገጣጠማል፤ ከፊቱ ወለል የሌለው ቀላል አጽም ይቀጠልና በሰው ጉልበት ይገፋል። ጫፉ ማዶ እስኪያርፍ ድረስ የክብደቱ መሐል ከዳሩ ሮለር ወደ ኋላ መቅረት አለበት፤ ካለፈ ሁሉም ወደ ገደሉ ይደፋል። አየር ላይ ያለው ጫፍ ስለሚዘቀዝቅም በአጽሙ ታችኛው መጋጠሚያ ልዩ ማያያዣ ገብቶ አስቀድሞ ቀና ይደረጋል።

ወደ አፈሩ ስንመጣ፣ የደምቢያ ዓይነት ዋልካ ሲርስ ሮለሩን ይውጠዋል። አንዱ ጎን ጥቂት ከሰመጠ ድልድዩ ሲገፋ ወደዚያው ይሸሻል። ስለዚህ ዋልካው ይጠረግ፣ ጠጠር ይደልደል፣ በላዩ ወፍራም እንጨት ተነጥፎ በውሃ ልክ ይለካ። ይህን ለጥድፊያ ብሎ መዝለል ትልቁ ጥፋት ነው።

የወታደሮቹ ሥልጠና ይህንኑ ሥራ መደጋገም ነበር፦ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ዕቃ ይዞ፣ መጀመሪያ በቀን፣ ኋላ በጨለማ። የፒን (ፓነሎችን የሚያያይዝ የብረት ችንካር) ቀዳዳ መግጠሙ በጣት አይፈተሽም፤ ፓነሉ ትንሽ ቢንሸራተት ጣት ይቆርጣል። ፒኑ ከገባ በኋላ መቆለፊያው ወዲያው ይደረግ፤ ያለሱ ተሽከርካሪ ሲያንቀጠቅጠው ይወልቃል።