አፉን እስኪፈታ

ለአዳዲሶቹ የአጸደ ሕፃናት መምህራን፣

ስለ ብዙ ነገር ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። በመጨረሻ አንዱን ብቻ መረጥሁ፤ ዝም ስለሚለው ልጅ።

በ31 ዓመት የሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ልጅ ያልገባበት ዓመት አላስታውስም። ከአራትና ከአምስት የቤት ቋንቋ የመጡ ልጆች አብረው በሚውሉበት ግቢ አንዱ ጠዋት ይመጣል፤ በዙሪያው ከሚነገረው አንድም ቃል የእሱ አይደለም። ቤቱ እንደ ልቡ የሚያወራው ልጅ እዚህ አፉን ይዘጋል። ያያል፣ ይከተላል፣ በጣቱ ያመለክታል፣ ሲፈልግ እጃችሁን ይዞ ይጎትታል። አንዳንዱ በሳምንታት ይናገራል፤ አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል። ይህ ስንፍናም ሕመምም አይደለም። ልጁ እየሰበሰበ ነው።

በሁለተኛው የሥራ ዓመቴ ይህን አላወቅሁም ነበር። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ልትታጠብ መጣች። ማንቆርቆሪያውን ይዤ «ውሃ በይና ልቅዳልሽ» አልኋት። እያስተማርኋት መስሎኝ ነበር። ትንሽ አየችኝ፣ እጆቿን ቀስ አድርጋ አወረደች፣ በቀሚሷ ጠርጋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እኔ ባለሁበት ለመታጠብ አልመጣችም። ቃልን የውሃ ዋጋ አድርጌባት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አፏን የፈታላት እኔ ሳልሆን ቀንድ አውጣ ነው። ዝናብ ባባራ ጠዋት ከወደቀ የዛፍ ቅርፊት ሥር አገኘችው። አጠገቧ ሦስት ልጆች ቁጢጥ አሉ። አንዱ ሲነካው ቀንዶቹን ሰበሰበ። ሁሉም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ቀንዶቹ ተመልሰው፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ፣ ሲወጡ ልጅቷ በእናቷ ቋንቋ ስሙን አንሾካሾከች። አጠገቧ ያለው ልጅ ቃሉን ደገመው፤ ሌላውም ተቀበለው። ከረፋዱ በፊት ግማሹ ክፍል ቀንድ አውጣን በእሷ ቋንቋ ይጠራ ነበር።

ይህን በሥዕል ካርድ ማድረግ አይቻልም። የካርዱ ቀንድ አውጣ አይቀዘቅዝም፣ አያዳልጥም፣ አይደበቅም። ሕይወት ያለው ነገር በመካከላችሁ ሲኖር ግን ዓይናችሁ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ቃሉም የምን ቃል እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ጀርመናዊው የሕፃናት መምህር ፍሪድሪሽ ፍሮቤል በ1840 ለትምህርት ቤቱ የሕፃናት አትክልት ስፍራ የሚል ስም ሲሰጥ ምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚንከባከበው የራሱ የአትክልት መደብ እንዲኖረው ይፈልግ ነበር። የእኛም «አጸድ» የተከለለ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙን ይዘን አትክልቱን የተውን ብዙዎች ነን።

ደጅ መዋል ግን ዝግጅት ይፈልጋል። ከቦታ ወደ ቦታ ስትሄዱ ልጆቹን ቁጠሩ፣ ስትደርሱም ድገሙት። ደረቅ ካልሲ በትርፍ ያዙ፤ እግሩ የበረደው ልጅ ምንም ቃል አይሰማም። የጠዋቱ ዘፈን በየቀኑ ያው ይሁን፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያወቀ ልጅ ቃሉን ባያውቅም ይገምተዋል።

መናገር ሲጀምር ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀላቅላል። ተምታቶበት ሳይሆን ያለውን ሁሉ እየተጠቀመ ነው። «እንዲህ አይባልም» አትበሉት። ያለውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ በሉለትና ጨዋታውን ቀጥሉ።

ወላጆች በር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በቤታችን ቋንቋ ማናገር እንተው?» ይሏችኋል። አትተዉ በሏቸው፤ በዚህ አትለሳለሱ። ሁለት ቋንቋ የሚያድግበት ልጅ በአንዱ ብቻ ሲመዘን ቃሉ ሊያንስ ይችላል፤ የሁለቱ አብሮ ሲቆጠር ግን ከእኩዮቹ አያንስም። የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች በ1982 «ኮሃንጋ ሬኦ»፣ ማለትም የቋንቋ ጎጆ፣ ያሏቸውን መዋያዎች የከፈቱት ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ቋንቋ ወደ ማጣት ስለደረሱ ነበር። የተተወን ቋንቋ መመለስ ይህን ያህል ድካም አለው። ነገር ግን ልጁ ቤቱም የማይናገር ከሆነ፣ ወይም ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ፣ አትጠብቁ፤ ጆሮው በሐኪም እንዲታይ ወላጆቹን በዚያው ሳምንት አነጋግሩ።

አንድ ነገር ከነገ ጀምሮ አድርጉ። አዲስ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ከወላጆቹ አሥር ቃል ተማሩ፦ ውሃ፣ ሽንት፣ እናት፣ ያመኛል፣ በረደኝ፣ በቃኝ፣ የመሳሰሉትን። አጠራሩን ቤታችሁ ተለማመዱ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቁጢጥ ብላችሁ፣ ዓይኑ ትይዩ ሆናችሁ አንዱን በሉት። ታበላሹት ይሆናል። ልጁም ይስቅ ይሆናል፤ ከእሱ የምትሰሙት የመጀመሪያ ድምፅ እሱ ይሆናል።