የረጋው ዘይት አልተበላሸም፤ ጀሪካኑን ግን ቀይሪው

ሰላም እህቴ። «ከቤሩት የመጣልኝ 10 ሊትር የወይራ ዘይት ጠዋት ጠዋት ነጣ ብሎ ይረጋል፤ ሞራ ቀላቅለውበት ይሆን? እንዴትስ ሳይበላሽ ላቆየው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እንደ አንቺ ሱሉልታ ነው የምኖረው፤ እኛም ቤት ዘይቱ የሚመጣው ከዚያው ከሊባኖስ ነውና የማውቀውን ልንገርሽ።

በመርጋቱ አትጨነቂ። የወይራ ዘይት ቅዝቃዜው ወደ 10 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ሰንበት ሲል ይረጋል። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቂዋለሽ፤ ከዋናው ቤት ተለይቶ በቆርቆሮ በተሠራ ማድቤት ያደረ ዘይት ቢረጋ አይገርምም። ረፋድ ላይ ራሱ ይሟሟል፣ ምንም አይጎዳውም። «ፍሪጅ ውስጥ ከረጋ ንጹሕ ነው፣ ካልረጋ የተቀላቀለ ነው» የሚባለውንም አትመኚ፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያለው የወይራ ማዕከል ሞክሮት የማያስተማምን መለኪያ ሆኖ አግኝቶታል። በዚህ ብቻ የላኩልሽን ሰዎች መጠርጠር ግፍ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የለጠፍሽው ፎቶ ነው። ጀሪካኑ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ መስኮት ሥር ተቀምጧል፣ ዘይቱም ከግማሽ በታች ወርዷል። የወይራን ዘይት የሚያበላሹት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። አረንጓዴ መልኩን የሰጠው ክሎሮፊል ብርሃን ሲያገኘው ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ እንዲዋሃድ ያደርጋል። ፕላስቲኩም ክዳኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አየር በጥቂቱ ያሳልፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ያ ባዶ ቦታ ነው። ዘይቱ በጎደለ ቁጥር አየር ይተካዋል፤ ለሽሮ ማንኪያ ለመቅዳት በከፈትሽው ቁጥር ደግሞ አዲስ አየር ይገባል። ሰው ከሻንጣው ልብስ ቀንሶ ያመጣልሽ ዘይት በዚህ ምክንያት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች ገልብጪው። ጥቁር አረንጓዴው የወይን ጠጅ ጠርሙስ በጣም ጥሩ ነው። በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቢው፤ ከዚያ አፉን ደፍተሽ ጠብታ ውኃ እስከማይቀርበት ድረስ አድርቂው። በማድረቁ አትቸኩዪ። እስከ አንገቱ ሙይውና በቡሽ ወይም በደንብ በሚጠብቅ ክዳን ዝጊው። በመንደር ተጨምቆ ያልተጣራ ዘይት ከሆነ ከጀሪካኑ ሥር አተላ ይኖረዋል፤ ሳታናውጪ ከላይ ብቻ ቅጂ፣ ምክንያቱም አተላው ከዘይቱ ጋር ሲቆይ ይቦካና መጥፎ ጣዕም ይሰጠዋል። አተላ የቀላቀለውን የመጨረሻውን ዘይት ለብቻው አድርገሽ በዚሁ ሳምንት ብዪው። የመዳብ ወይም የብረት ዕቃ ግን አትጠቀሚ፤ መበላሸቱን ያፋጥናሉ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ያለ ጨለማ ቦታ ተስማሚው ነው፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ይህን ለማግኘት አንቸገርም። መኝታ ቤት፣ ቁም ሣጥን ሥር፣ ወለሉ አጠገብ። ከጣሪያው ሥር ያለው መደርደሪያ በቀን ቆርቆሮው ሲግል እሳት ነው። ከምጣዱም፣ ከበርበሬና ከሽንኩርት ጆንያም አርቂው፤ ዘይት ሽታ ይስባል። ለዕለት የከፈትሽውን አንዱን ጠርሙስ በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ጨርሺው።

እንደ ጠጅ እያደረ የሚጥም ነገር ስላልሆነ መቼ እንደተጨመቀም ጠይቂያቸው። በሊባኖስ ለቀማው በብዛት በጥቅምትና በኅዳር ነው። በደንብ የታሸገ ዘይት ከ18 እስከ 24 ወር ድረስ ይቆያል፤ በፕላስቲክ የመጣው ግን ይህን ያህል አይጠበቅም።

መበላሸቱን የምታውቂው በማሽተት ነው። በትንሽ ሲኒ ቀድተሽ በመዳፍሽ አሙቂውና አሽትቺው። የቆየ ኦቾሎኒ ወይም የልጆች የቀለም እርሳስ የሚሸት ከሆነ አልፎበታል። መምረሩና ጉሮሮ መቆንጠጡ ግን የጥሩነቱ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚደፋው ይህን ነውና እባክሽ አትድፊው።

የኑግ ዘይት ካለሽም እንዲሁ አድርጊ፤ እሱ እንዲያውም ከወይራው ቀድሞ ይበላሻል። አዲስ ዘይት ሲመጣልሽም አሮጌው ላይ አትጨምሪ፤ ትንሽ የተበላሸ ቅሪት ካለ አዲሱንም ይዞት ይሄዳል።