4 ዲግሪ፣ ግን የማን ዲግሪ?

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ልጄ፣ «ሱፐርቻርጀር ባለው ሞተር የማስገቢያውን ካም 4 ዲግሪ ባስቀድመው ጉልበት ያገኛል ወይ?» ብለሃል። ለማያውቅ ሰው፣ ሱፐርቻርጀር አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ካም ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው። ጥያቄህን ሳነብ አንድ ሞተር ትዝ አለኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ባለ 1.6 ሊትር፣ ሁለት ካም ያለው የቤንዚን ሞተር ነበር፤ ሱፐርቻርጀሩ በቺንጋ ይዞራል፤ ሁለቱም ካሞች የሚስተካከል ፑሌጃ (የቺንጋ መዘውር) አላቸው። ደሴ ላይ «ማስገቢያው 4 ዲግሪ ይቅደም» ተባለ። የታሰበው የክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ዲግሪ ነው። ፑሌጃው ላይ የተሰመረው ግን የካም ዲግሪ ነበር። ካም አንድ ዙር ሲሄድ ክራንክሻፍት ሁለት ዙር ስለሚሄድ፣ 4 መስመር ማለት 8 የክራንክ ዲግሪ ነው። ክራንኩ ላይ የዲግሪ ሳህን ቢታሰር ወዲያው ይታይ ነበር፤ አልታሰረም።

ደሴ ላይ ሞተሩ ምንም አላለም፤ እንዲያውም ከታች ቶሎ ይነሣ ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ስስ አየሯ ስህተቱን ሸፈነው። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከደሴው ወደ 8 በመቶ ይበልጣል፤ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ሱፐርቻርጀር የሚያበዛው ያገኘውን አየር ነው። በቀትር፣ ጭነት ይዞ፣ በዝቅተኛ ዙር ነዳጁ ተረግጦ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲጀምር ማንኳኳት (ቤንዚኑ ከጊዜው ውጪ በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ) ጀመረ። «የቫልቭ ድምፅ ነው፣ አብሽር» ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዳገት የኤን ትሬ፣ የፊያት ናፍጣ ጭነት መኪና፣ ድምፅ ስንሰማ ኖረናል፤ ናፍጣ ሁልጊዜ ያንኳኳል፤ ጆሮዬ በናፍጣ የተገራ ነበር። ሞተሩ ሲፈታ በ3ኛው ፒስተን ላይ ሪንጎቹን የሚለየው ግድግዳ ተሰብሮ ተገኘ።

ካሙ ሲቀድም ማስገቢያው ቫልቭ ቀድሞ ስለሚዘጋ መታመቁ ቀድሞ ይጀምራል፤ በዝቅተኛ ዙር የሲሊንደሩ ግፊትና ሙቀት ይጨምራል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተርም ከዚያው ካም ይዞር ስለነበር የእሳቱ ጊዜ አብሮ ቀደመ፤ በእሳት መለኪያ መብራት አልተለካም። ሌላው ደግሞ ሁለቱ ቫልቮች አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ ረዘመ። ተራ ሞተር ላይ ይህ ይጠቅማል፤ የሚወጣው ጭስ አዲሱን አየር ይስበዋል። ሱፐርቻርጀር ባለበት ግን ተገፍቶ የገባው አየርና ቤንዚን በቀጥታ በማስወጫው ይወጣል። የግፊት ጌጁ ዝቅ ማለቱ ለዚህ ነበር። እኛ ቺንጋው ተንሸራተተ ብለን አጠበቅነው።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ኮምፒውተሩን ታውቁታላችሁ፤ ደስ ይለኛል። ከስልክ ቪዲዮ ቁጥር ማምጣታችሁ ግን ያሳስበኛል፤ ቁጥሩ የሌላ ሞተር ነው፣ የሌላ ከፍታም ነው።

መጀመሪያ እውነተኛውን ቶፕ፣ ማለትም የፒስተኑን የመጨረሻ ከፍታ፣ አግኝ። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለጥቂት ዲግሪ የቆመ ስለሚመስል በዓይን አይያዝም። በካንዴላው ቀዳዳ ማቆሚያ አስገባ፤ ፒስተኑ እስኪነካው ክራንኩን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር፣ አንብብ፤ ወደ ኋላም እንዲሁ። የሁለቱ መሃል ቶፕ ነው። ማቆሚያውን አውጣና ዳያል ጌጅ ቫልቩ ላይ አድርግ፤ ከከፍተኛው መከፈቻ 1 ሚሊሜትር በፊትና በኋላ ያሉትን ዲግሪዎች ወስደህ መሃሉን ከፋብሪካው ቁጥር ጋር አስተያይ። ካሙን ስትለካ ሁሌም ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ አዙር፤ ካለፍክ ሩብ ዙር ተመለስና እንደገና ና፣ አለበለዚያ የካሙ ቺንጋ መላላት ያታልልሃል።

ከዚያ ከፋብሪካው ቁጥር ተነሥተህ በ2 የክራንክ ዲግሪ ሂድ፤ ማስገቢያውን በማስቀደም ሳይሆን በማዘግየት፣ ወይም ማስወጫውን ጥቂት በማስቀደም ጀምር። ሁለቱም አብሮ የመከፈቱን ጊዜ ያሳጥራሉ። ማስገቢያውን ብዙ ካዘገየህ የታች ጉልበት ይሄዳል፤ ሐረጎ ላይ ታየዋለህ።

በፒስተንና በቫልቭ መካከል ያለውን ክፍተት በልጆች ፕላስቲሲን ለካ፤ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ገብቶ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ በልኩ ታስሮ ይሁን። ለማስገቢያ ከ2፣ ለማስወጫ ከ2.5 ሚሊሜትር አይነስ። ሁለት ሙሉ ዙር በእጅህ አዙር፤ ከቆመብህ አታስገድደው፣ ቫልቭ ይታጠፋል። የእሳቱን ጊዜ በመብራት እንደገና ለካ።

ሙከራውን ደሴ ላይ አትጀምር። ኮምቦልቻ፣ በቀትር፣ ነዳጁን ቀለል አድርገህ ረግጠህ ጀምርና ቀስ በቀስ ጨምር። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥተህ ነጩን ሸክላ በማጉያ እይ፤ እንደ በርበሬ ዱቄት ጥቃቅን ጥቁር ወይም የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ ሞተሩ እያንኳኳ ነበር ማለት ነውና የዚያን ቀን ወደ ዳገቱ አትውጣ።