ብቅሉን ምን አጣፈጠው?

ጥያቄ፦ ለጠላ የማበቅለው ገብስ ጥሬውን ስቀምሰው አይጣፍጥም። ሲበቅል ግን ይጣፍጣል። ስኳሩ ከየት መጣ? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። እናቴ ብቅል ስታበቅል የኮባውን ቅጠል ገለጥ አድርጌ አንድ ሁለት ፍሬ መቅመስ ልማዴ ነበር። እስቲ ቡቃያ ያወጣ ፍሬ በጥፍርሽ ጫን በይው። ሊጥ የሚመስል ለስላሳ ነጭ ነገር ታያለሽ። ጥሬው ግን ድንጋይ ነው።

ነጩ ነገር ስታርች ነው፤ ግሉኮስ የሚባል የስኳር ዓይነት ቅንጣቶች እንደ ዶቃ የተሰኩበት ረጅም ሰንሰለት። ሰንሰለቱን ወደሚጣፍጥ ስኳር የሚቆራርጠው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ስታርቹን የያዙት ሕዋሳት ግን ሞተዋል፤ ኢንዛይም ሊሠሩ አይችሉም። ታዲያ ከየት ይመጣል? በዙሪያቸው አሊውሮን የሚባል ስስ የሕያው ሕዋሳት ሽፋን አለ። ገብሱ ውሃ ሲጠጣ ጽንሱ፣ ማለትም ቡቃያ የሚሆነው የፍሬው ክፍል፣ ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን ይልክለታል። አሚሌዝ በብዛት የሚመረተው ያኔ ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ጉዞው ነው። ኢንዛይሙ ገና እየተሠራ ሳለ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የሕዋሱ ክፍል ይገባል። ከዚያ በትንሽ ከረጢት ተጭኖ ጎልጂ ወደሚባለው ሌላ የሕዋሱ ክፍል ያልፋል። ሌላ ከረጢት ደግሞ ከጎልጂ ተቀብሎ እስከ ሕዋሱ ድንበር ያደርሰዋል። ከረጢቱ ከድንበሩ ጋር ሲዋሃድ አሚሌዙ ውጭ ይፈስና ስታርቹን መቁረጥ ይጀምራል።

ቡቃያው ሲረዝምብሽ ዝም አትበይው፤ ቶሎ አድርቂው። ካልሆነ ስኳሩን ለራሱ እድገት ይጨርሰዋል።