የፋብሪካ ብናኝ ለአስፋልት ይሆናልን?

ጥያቄ፦ ከእብነ በረድ መቁረጫና ከድንጋይ ከሰል ማንደጃ የሚወጣ ብናኝ በአስፋልት ድብልቅ ውስጥ በፊለርነት ቢገባ መንገዱን አያዳክምም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በጥንቃቄ ከተመረጠ አያዳክምም። ፊለር የምንለው 0.075 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት የሚያልፈውን ደቃቅ ዱቄት ሲሆን፣ ሥራውም በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከመሙላት አልፎ ከሬንጅ ጋር ተለውሶ ጠጠሮቹን የሚያያይዘውን ልቁጥ ማወፈር ነው። የእብነ በረድ ዱቄት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ሬንጅ በደንብ ይጣበቅበታል፤ ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት ብናኝ ግን ውሃ ሲነካው ያብጥና ሬንጁን ከጠጠሩ ያላቅቀዋል። መጠኑም ከልክ ሲያልፍ ድብልቁ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በከሰል አመድ ውስጥ ሊኖር የሚችለው እንደ እርሳስና አርሴኒክ ያለ መርዛማ ንጥረ ነገር ነው፤ ሬንጁ ቢሸፍነውም እንኳ፣ ወደ ውሃ እንደማይሰርግ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ አመዱ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።